ፔኒሲሊን አንጎል ላይ ሲፈስ

እ.ኤ.አ. በ1945 ፔኒሲሊን የዓለም ጀግና ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ ሃዋርድ ፍሎሪና ኧርነስት ቼን በዚያ ዓመት የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በእሱ ነው፤ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ስንትና ስንት ቁስለኞች ደማቸው ሳይመረዝ እቤታቸው የገቡትም በእሱ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ ወጣች። ጸሐፊዎቿ ኸርበርት ጆንሰንና ኧርል ዎከር የሚባሉ ሐኪሞች ናቸው። የጻፉት ፔኒሲሊንን በቀጥታ ወደ አንጎል ክፍተቶች ስለማስገባት ሲሆን፣ ርዕሱ ራሱ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ይናገራል።

ማስጠንቀቂያው አጭር ነው። ታፋ ላይ ሲወጋ አለርጂ ያለበትን ሰው ካልሆነ በቀር ማንንም የማይጎዳው መድኃኒት፣ አንጎል ላይ ሲደርስ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ያንፈራግጣል።

መድኃኒቱ እዚያ ድረስ እንዴት ደረሰ? መንገዱን የጠረገው ጦርነት ነው። አንጎል በራስ ቅልና ከሥሩ ባለው ጠንካራ ሽፋን ተከልሎ ይኖራል። ጥይት ወይም የቦንብ ፍንጣሪ ያንን መከለያ ሲበሳው ፀጉር፣ የቆብ ጨርቅ፣ አፈርና የአጥንት ስብርባሪ ይዞ ይገባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንዲህ የቆሰለ ወታደር ከደም መፍሰስ ቢተርፍ እንኳ ቀናት ቆይቶ በሚቋጠረው መግል ይሞት ነበር። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1917 ቤልጅየም ግንባር ላይ አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ፤ ለስላሳ የጎማ ቱቦ ወደ ቁስሉ ጉድጓድ እየከተተ፣ የተጎዳውን ሥጋ እየመጠጠና በጨው ውሃ እያጠበ ማውጣት። በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ የነበረውን ሞት በእጅጉ ቀነሰው። አንጎልን ማጠብ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ዋና ሥራ ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከኩሺንግ ደቀ መዛሙርት አንዱ አውስትራሊያዊው ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስና ፍሎሪ ሁለቱም የአደሌድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ በኋላም ሁለቱም ኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1943 የብሪታንያ ጦር ሁለቱን ወደ ሰሜን አፍሪካ ላካቸው፤ ያቺን ገና በግራም የምትለካ ውድ ዱቄት በጦር ቁስለኞች ላይ እንዲሞክሯት ነው። ቁስሉን ያጸዱና ይሰፉታል፤ በስፌቱ መሀል ቀጭን የጎማ ቱቦ ያስቀሩና በዚያ በኩል የፔኒሲሊን ፈሳሽ በየጊዜው ያስገባሉ። መድኃኒቱን በክንድ ወግቶ መላ ሰውነትን ከማዳረስ ይልቅ ቁስሉ ውስጥ ማኖር ትንሿን ክምችት ያብቃቃ ነበር። የጭንቅላት ቁስለኞችም በዚሁ መንገድ ታከሙ፤ ውጤቱም ተስፋ የሚሰጥ ሆነ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1942 ክረምት፣ ፍሌሚንግ ራሱ ለንደን ውስጥ በማጅራት ገትር ሊሞት የተቃረበ ሰው ወገብ ላይ መርፌ አስገብቶ ፔኒሲሊንን ከህብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎት ነበር። ሰውየው ዳነ። ወሬው ሲናኝ በየሆስፒታሉ ያሉ ሐኪሞች ይህንኑ ሞከሩ፤ አንዳንዶቹ በወገብ፣ አንዳንዶቹ በራስ ቅል ቀዳዳ። ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ዐይኑ እያየ ሲሞት ከመመልከት ማንኛውም ሙከራ ይሻል ነበርና በዚያ የሚፈርድባቸው የለም።

ችግሩ ብቅ ያለው መጠኑ እየጨመረ ሲሄድ ነው። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ የበሽተኛው ፊት በአንድ በኩል ይርገበገባል፣ ክንዱ ይከተላል፣ ቀጥሎም መላ ሰውነቱ ይንፈራገጣል። ይህን ያየ ሐኪም ምክንያቱ በሽታው ነው ብሎ ማለፍ ይቀለዋል። ማጅራት ገትር ራሱ ያንፈራግጣል፤ የጭንቅላት ቁስልም እንዲሁ። ስለዚህ መድኃኒቱ በበሽታው ጥላ ሥር ተደብቆ ሊቆይ ይችል ነበር።

ዎከር እንዲህ በቀላሉ የሚያልፈው ሰው አልነበረም። የሚጥል በሽታን፣ በተለይ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚመጣውን፣ ለዓመታት ያጠና የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነውና መንፈራገጥ ከየት እንደሚነሳ መጠየቅ ልማዱ ነበር። እሱና ጆንሰን መድኃኒቱን ከበሽታው ነጥለው ለማየት ጤነኛ እንስሳ ላይ ሞከሩት። የራስ ቅሉ ይከፈታል፣ የአንጎሉ ገጽ ይገለጣል፣ በፔኒሲሊን የራሰ ነገር ይቀመጥበታል። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ከዚያ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምት ወረቀት ላይ የሚጽፈው ብዕር፣ እስከዚያ ድረስ ዝቅ ብሎ ሲንቀጠቀጥ የቆየው፣ በድንገት ወደ ላይ ይወረወራል። ሹል፣ ረጅም፣ ብቻውን የቆመ ምት ይጽፋል። ጥቂት ቆይቶ ሌላ፣ አሁንም ሌላ። በሚጥል በሽታ የሚሠቃይ ሰው አንጎል ላይ የሚታየው ምት ይህንኑ ነው የሚመስለው። በዚያው ዓመት ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ ውጤቱ በጦጣም በሰውም አንጎል ገጽ ላይ መታየቱን ገለጹ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በሰው ላይ እንዲደረግ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ። የዚያን ጊዜው ፔኒሲሊን ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ዱቄት አልነበረም። ቢጫ ወደ ቡና ዓይነት ያደላ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዱቄቱ አብዛኛው ከሻጋታው የተረፈ ሌላ ነገር ነው። ዎከርና ጆንሰን አንደኛውን ጽሑፋቸውን በገበያ ላይ ባለው ፔኒሲሊን ውስጥ ስላለ አንፈራጋጭ ነገር ብለው የሰየሙት በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋተኛው ቆሻሻው ከሆነ መድኃኒቱን ማጣራት ይበቃል። ጥፋተኛው ራሱ ፔኒሲሊን ከሆነ ግን ምንም ያህል ቢጣራ አይጠቅምም።

መልሱ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሆነ። ፋብሪካዎቹ ንጹሕና ነጭ ክሪስታል ማውጣት ከቻሉ በኋላም ፔኒሲሊን አንጎል ላይ ሲደርስ ያው ነው። ከዚህ በኋላ ነገሩ ማንም ባልጠበቀው መንገድ ሄደ። ለሕሙማን የማይሆነው ጠባይ ለተመራማሪዎች ሀብት ሆነ፤ በአንድ ጠብታ በፈለጉት ሰዓት፣ በፈለጉት የአንጎል ክፍል ላይ ትንሽ የሚጥል በሽታ መፍጠር ቻሉ። በ1964 ማትሱሞቶና አጅሞኒ ማርሳን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ፔኒሲሊን በነካው የድመት አንጎል ውስጥ የአንዲት ነርቭ ሴልን የኤሌክትሪክ ጉልበት ለኩ። ምቱ በሚወጣበት ቅጽበት ሴሉ ውስጥ ከመጠን ያለፈ ትልቅ የጉልበት ለውጥ እንደሚፈጠር አዩ። ዛሬ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የበሽታው አሠራር የተገለጠው በከፊል በፔኒሲሊን መሆኑን ቢሰማ መደነቁ አይቀርም።

ለምን እንደሚያንፈራግጥ ግን በ1945 ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ቁልፉ ገና አልተገኘማ። በ1950 ዩጂን ሮበርትስና ሌሎች ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ በብዛት መኖሩን አሳወቁ። ቀስ በቀስ ሥራው ታወቀ፤ ጋባ የነርቭ ሴሎች ልጓም ነው። ሴሏ ላይ ያለ ጥቃቅን በር ይከፍታል፣ ክሎራይድ ይገባል፣ ሴሏ ትረጋለች። በ1972 አውስትራሊያ ካንቤራ ውስጥ ዴቪድ ከርቲስና ባልደረቦቹ ፔኒሲሊን የጋባን ሥራ እንደሚያሰናክል አሳዩ። ኋላ እንደተረጋገጠው የፔኒሲሊን ሞለኪውል ያ በር ውስጥ ገብቶ ይወተፋል።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጉትኒክና ፕሪንስ ያደረጉት ሙከራ ደግሞ እኔን ከሁሉም ይበልጥ ያስደንቀኛል። ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ለመቋቋም ፔኒሲሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ሥራውም መድኃኒቱ መሀል ያለውን አራት ጎን ያለው ቀለበት መስበር ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ፔኒሲሊንን በዚህ ኢንዛይም ሰብረው አንጎል ላይ ሲያደርጉት አንፈራጋጭነቱ ጠፋ። ባክቴሪያን የሚገድለው ቀለበትና አንጎልን የሚያንፈራግጠው ቀለበት አንድ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱን ሳይሠዉ መርዙን ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

በደም ሥር ሲሰጥ ይህ የማይሆነው አንጎል ሁለት መከላከያ ስላለው ነው። የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ አብዛኛውን ፔኒሲሊን አያሳልፍም። ያለፈውንም በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ ያለ ሕዋስ ከፈሳሹ እየጠለፈ ወደ ደም ይመልሰዋል፤ ይህንን ሮበርት ፊሽማን በ1966 አስረድቷል። ሐኪም መርፌውን አንጎል ውስጥ ሲያስገባ ግን ሁለቱንም መከላከያ አልፎ ይገባል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በደም ሥር ብዙ ፔኒሲሊን ሲሰጠው አልፎ አልፎ የሚንፈራገጠውም መድኃኒቱ ከደሙ ሳይወጣ ስለሚከማች ነው።

የአንጎል ወይም የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሴፋዞሊን በደም ሥር ይሰጠዋል። የፔኒሲሊን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ያው ቀለበት አለው። በዚያ ላይ ሞለኪውሉ ጫፍ ላይ ቴትራዞል የሚባል ቁራጭ ተለጥፎበታል። ይህ ቁራጭ በ1930ዎቹ ሃንጋሪያዊው ሐኪም ሜዱና የአእምሮ ሕሙማንን ሆን ብሎ ለማንፈራገጥ ከተጠቀመበት ፔንቲሌንቴትራዞል ጋር ይመሳሰላል። እንስሳት ላይ ሲሞከር ሴፋዞሊን አንጎል ውስጥ ጠንካራ አንፈራጋጭ ሆኖ ተገኝቷል። በደም ሥር ሕይወት ያድናል፤ በስህተት የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ቢገባ አደጋ ነው። ስለዚህ በኦፕሬሽን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ያሉ ስሪንጆች ላይ የመድኃኒቱን ስም መጻፍ እንደ ጽሕፈት ሥራ የሚታይ ነገር አይደለም። ከነርሷ ወደ ሐኪሙ የሚተላለፈው ግልጽ ፈሳሽ ምን እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ ሳላይኑም (የጨው ውሃው) ያው፣ ማደንዘዣውም ያው፣ አንቲባዮቲኩም ያው ነው።

እንግዲህ ፔኒሲሊን ካልሆነ ምን? ቀዶ ሐኪሞች አንጎልን በመድኃኒት የማጠብ ሐሳባቸውን አልተዉም። ኢንፌክሽን አሁንም ይገድላልና። ፍለጋው ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ወዳለ ላቦራቶሪ ይወስደናል። በ1943 እግሯ የተሰበረና አጥንቷ ቆዳዋን በስቶ የወጣ አንዲት ትንሽ ልጅ ሆስፒታል ገባች። ከቁስሏ በተወሰደው ናሙና ውስጥ አንድ የባሲለስ ዘር ሌሎቹን ባክቴሪያዎች እንደሚያጠፋ ባልቢና ጆንሰን አስተዋለች። ቀዶ ሐኪሙ ፍራንክ ሜለኒና እሷ ከባሲለሱ ያወጡትን መድኃኒት በ1945 ለዓለም አስተዋወቁ፤ ያው በዎከር ማስጠንቀቂያ ዓመት። ስሙንም ከባሲለሱና ከልጅቷ የቤተሰብ ስም አጋጥመው ባሲትራሲን አሉት።

ባሲትራሲን የፔኒሲሊን ቀለበት የለውም። የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ባክቴሪያው የግንቡን ጡብ የሚያመላልስበትን ተሸካሚ ያግዳል። በመርፌ ሲሰጥ ግን ኩላሊትን ይጎዳል። ይህ ጉዳት በቶሎ ታወቀና በመርፌ የሚሰጥበት ሁኔታ ጠበበ፤ በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በይፋ የተፈቀደው በስታፊሎኮከስ ምክንያት የሳንባ ምችና በሳንባ ዙሪያ የሚቋጠር መግል ለያዛቸው ጨቅላ ሕፃናት ብቻ ሆነ። ቀዶ ሐኪሞች ግን ኩላሊት ውስጥ ሳይገባ ቁስል ላይ ቢፈስ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም ብለው አመኑ። 50,000 ዩኒት የያዘ ብልቃጥ አንድ ሊትር ሳላይን ውስጥ ይሟሟል፤ ነርሷ በትልቅ የጎማ ስሪንጅ ትሞላዋለች፤ ሐኪሙ አጥንቱን፣ ሥጋውንና የአንጎሉን ሽፋን ያጥብበታል። ይህ ልማድ አሥርት ዓመታት ቆየ።

ልማዱን ያጠነከረው አንድ ጽሑፍ ነው። ሌናርድ ማሊስ በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የታወቀ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ዛሬ በየአንጎል ኦፕሬሽን ክፍሉ ያለውን፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቆንጠጫ ደም የሚያቆመውን መሣሪያ ያስፋፋ ሰው ነው። በ1979 ከ1,700 በላይ ተከታታይ ንጹሕ ቀዶ ሕክምናዎችን ዘገበ፤ አንድም የቁስል ኢንፌክሽን አልነበረም። ያደረገው ሦስት ነገር ነው፦ ቫንኮማይሲን በደም ሥር፣ ጄንታማይሲን ወይም ቶብራማይሲን በጡንቻ፣ በማጠቢያው ውሃ ውስጥ ደግሞ በሊትር 50 ሚሊግራም ስትሬፕቶማይሲን።

ዜሮ ሰውን ያስደነግጣል፤ ያን ያነበበ ሐኪም ነገ ጠዋት ይህንን አለማድረግ ይከብደዋል። ነገር ግን ከሦስቱ የቱ ነው የሠራው? ያልታጠቡ በሽተኞች በንጽጽር አልቀረቡም። ምናልባት በደም ሥር የገባው ብቻውን ይበቃ ነበር። ምናልባት የማሊስ እጅ ፍጥነትና ጥንቃቄ ነው። የማሊስን ቅንነት የሚጠራጠር የለም፤ የጽሑፉ አሠራር ግን ጥያቄውን ሊመልስ አይችልም። ሆኖም በማጠቢያ ውሃ ውስጥ አንቲባዮቲክ መጨመር ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ እንደ ደንብ ተቆጠረ።

የስትሬፕቶማይሲን ወገን የሆኑት መድኃኒቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከዚያው ወገን የሆነውን ኒዮማይሲንን ያየን እንደሆነ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት መግለጫው በቀዶ ሕክምና ቁስል ላይ በጥቂቱ እንኳ ሲፈስ በፍጥነት ወደ ደም እንደሚገባ፣ በዚህም ሳቢያ የማይመለስ ደንቆሮነት፣ የኩላሊት መድከምና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሽባ ሆነው ሞት መድረሱን ይናገራል። ቁስል ላይ የፈሰሰ ቁስል ላይ ይቀራል የሚለው እምነት እዚህ ፈረሰ። የተከፈተ ሥጋ መድኃኒትን ይጠጣል።

ባሲትራሲንን የጣለው ግን ኩላሊት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሱፐርማርኬት ያለ ማዘዣ የሚሸጥ፣ ልጅ ጉልበቱ ሲላጥ እናት የምትቀባው የቁስል ቅባት ባሲትራሲን አለበት። ሚሊዮኖች ይቀቡታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ሰውነታቸው ሳያውቁት ይቆጣበታል። በ2003 የአሜሪካ የቆዳ ንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር ባሲትራሲንን የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ መሰየሙ ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዓመታት ቆይቶ ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ጀርባው ተከፍቷል፣ በሆዱ ተኝቷል፣ ሰመመን ውስጥ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን ሊዘጋ ሲል በባሲትራሲን ውሃ ያጥበዋል። በደቂቃዎች ውስጥ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ የመተንፈሻ ቱቦው ይጠባል። ማደንዘዣ ሰጪው መጀመሪያ የሚያስበው ደም መፍሰሱን ነው፤ የሚታጠብበት ውሃ ትዝ የሚለው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ አጋጣሚዎች በሕክምና መጽሔቶች አንድ በአንድ ተጽፈዋል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 የባሲትራሲን መርፌ አምራቾች ሁሉ ምርታቸውን ከገበያ እንዲያወጡ ጠየቀ። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው፤ የኩላሊት ጉዳትና ይኸው ከባድ አለርጂ። ለተፈቀደለት ብቸኛ ሕመምም ከእሱ የተሻሉ መድኃኒቶች አሉ ተባለ። ቀዶ ሐኪሞቹ ግን የሚያውቁት ብልቃጥ በድንገት ከመደርደሪያው ጠፋባቸው። በየሆስፒታሉ አንድ ጥያቄ ተነሳ፤ ያለ እሱ ብንሠራ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በፊት መጠየቅ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። አንድ መድኃኒት ለአንጎል ቁስል ተፈትኖ ሳይፈቀድ ለዚህን ያህል ጊዜ ሲፈስ የኖረው ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሐኪም የሚያጥበው ኢንፌክሽንን ስለሚፈራ ነው፤ ያንን ፍርሃት ደግሞ አንድ ጊዜ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንጎሉ መግል የያዘ ሰው አጠገብ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ያለው ክርክር ወደ ቫንኮማይሲን ዱቄት ዞሯል። አከርካሪ ላይ ብሎንና ዘንግ ከተገጠመ በኋላ፣ ሥጋው ከመሰፋቱ በፊት፣ ሐኪሙ ሁለት ግራም ያህል ዱቄት ቁስሉ ውስጥ ይነሰንሳል። በ2011 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ዱቄቱ ካልተደረገላቸው 821 ታካሚዎች 2.6 በመቶው ጥልቅ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው፣ ዱቄቱ ከተደረገላቸው 911 ታካሚዎች ግን 0.2 በመቶው ብቻ ተያዙ። ነገር ግን ሁለቱ ቡድኖች በተለያየ ጊዜ የታከሙ ናቸው። በ2013 ደግሞ ደቡብ ህንድ ኮይምባቶር ከተማ ያለው ጋንጋ ሆስፒታል ከ900 በላይ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሞከረ፤ ያለ ዱቄት 1.68፣ በዱቄት 1.61 በመቶ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት አካባቢ ዱቄቱ ከተነሰነሰ በኋላ የደም ዝውውሩ የወደቀ ታካሚ ታሪክም ታትሟል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የቀዶ ሕክምና መመሪያ ቁስልን ከመስፋት በፊት አንቲባዮቲክ ባለበት ውሃ ማጠብን አልደገፈም። መመሪያው ስለ ቀዶ ሕክምና በጠቅላላው እንጂ አንጎልን ለይቶ የሚናገር አይደለም። በደም ሥር በሰዓቱ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ዋናው መከላከያ መሆኑ ላይ ግን ጠብ የለም፤ ማስረጃው ጠንካራ ነው።

አንቲባዮቲክ በአንጎል ውስጥ በቦታው ተቀምጦ መጥቀሙ በትክክል የተመዘነበት አንድ ቦታ አለ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ የተጠራቀመባቸው ሕፃናትና አዋቂዎች፣ በአገራችንም ብዙ ናቸው፣ ውሃውን ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ይገባላቸዋል። ቱቦው ኢንፌክሽን ከያዘ መውጣት አለበት፤ ልጁም እንደገና ይቀደዳል። የብሪታንያና የአየርላንድ ሆስፒታሎች 1,605 ታካሚዎችን በዕጣ ሦስት ዓይነት ቱቦ አስገቡላቸው፦ ተራ፣ ብር ያለበት፣ ሪፋምፒሲንና ክሊንዳማይሲን ግድግዳው ውስጥ የገባበት። ውጤቱ በ2019 ታተመ። ተራውም ብር ያለበትም 6 በመቶ ያህል ኢንፌክሽን ያዛቸው፤ አንቲባዮቲኩ ያለበት 2 በመቶ። እዚህ መድኃኒቱ ፈሶ አልታጠበም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ሆኖ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል፣ ባክቴሪያው ሊጣበቅበት የሚመጣው ገጽ ላይ።

ለማጠቢያው ውሃ እንዲህ ያለ ትልቅ ሙከራ ማድረግ የሚከብደው ኢንፌክሽኑ ራሱ ጥቂት ስለሆነ ነው። ከመቶ ሁለት የሚሆነውን ወደ አንድ የሚያወርድ ከሆነ፣ ያንን ልዩነት በእርግጠኝነት ለማየት ከ4,600 በላይ ታካሚዎች በዕጣ መከፈል አለባቸው፤ እያንዳንዳቸውም ለወራት መከታተል አለባቸው። አንድ ሆስፒታል ብቻውን አይችለውም። ብዙ ሆስፒታሎች፣ ምናልባትም ብዙ አገሮች፣ አንድ ዓይነት ውሃ በአንድ ዓይነት መንገድ ለማፍሰስ መስማማት ይኖርባቸዋል፤ ከዚያም የተንፈራገጡትን፣ የአለርጂ ምልክት ያሳዩትንና ኩላሊታቸው የተዳከመውን መመዝገብ፤ ኢንፌክሽን የያዛቸውን ብቻ መቁጠር አይበቃም።